ቁጥር ሆኖ የሚወጣው ቀን፦ በአር ቋንቋ ሉፕ ውስጥ የቀን አያያዝ

አር የተባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ቀንን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። ቁጥሩ ከአንድ መነሻ ዕለት ወዲህ ስንት ቀን እንዳለፈ ይናገራል። መነሻው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ሐሙስ። ያ ሐሙስ 0 ነው፤ ዓርቡ 1 ይሆናል፤ ከመነሻው በፊት ያሉት ቀኖች ከዜሮ በታች ይቆጠራሉ። የአር 1.0.0 እትም የወጣበት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2000፣ ማለትም የካቲት 21 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ በዚህ ስሌት 11016 ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ግን ቀን አይባልም። አር በቁጥሩ ላይ «ዴት» የሚል ክላስ ይለጥፍበታል። ይህ ልጣፍ ሲኖር ማተሚያው ዓመት፣ ወርና ዕለት ጽፎ ያሳያል፤ ማነጻጸሪያው ቀንን ከቀን ያስተያያል፤ የሳምንቱን ዕለት የሚጠይቀው ፈንክሽንም መልስ ያገኛል። ልጣፉ ሲወድቅ ቁጥሩ እንዳለ ይቀራል፤ የቀረው ቁጥር የቀን ይሁን የዋጋ ወይም የሕዝብ ብዛት የሚነግር ግን የለም። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ችግር ከወረቀት ያውቀዋል፦ «1990» ተብሎ ያለ «ዓ.ም.» ወይም ያለ «እ.ኤ.አ.» የተጻፈ ዓመት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያወዛግባል። በአር ውስጥ «ዴት» የሚለው ክላስ የሚሠራው ሥራ እነዚያ ምህፃረ ቃላት ከዓመቱ ጎን የሚሠሩትን ነው።

ልጣፉ በብዛት የሚወድቀው በሉፕ ውስጥ ነው። ለምሳሌ በኦሃዮ ግዛት፣ በኮሎምበስና ከእሷ በስተሰሜን ምዕራብ ባለችው በደብሊን ከተማ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በየወሩ በ12 የሚሰበሰቡበት አንድ የሚካኤል ማኅበር አላቸው እንበል። የማኅበሩ ጸሐፊ የ2018 ዓ.ም. የዝክር ቀኖችን በአሜሪካ ካሌንደር ማውጣት ይፈልጋል። መስከረም 12 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 22 ቀን 2025 ይውላል፤ ጥቅምት 12 ኦክቶበር 22፤ ኅዳር 12 ኖቬምበር 21፤ እንዲህ እያለ እስከ ነሐሴ 12፣ ኦገስት 18 ቀን 2026 ይደርሳል። አሥራ ሁለቱ ቀኖች በአንድ ቬክተር ተደርድረው ሲታተሙ በትክክል ይነበባሉ። በዚያው ቬክተር ላይ «ፎር» የሚለው ሉፕ ተጽፎ እያንዳንዱ ቀን በየዙሩ ሲታተም ግን የሚወጣው 20353፣ 20383፣ 20413 ነው።

ስሌቱ አልተበላሸም። 20353 በእርግጥም ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. እስከ መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ያለው የቀን ብዛት ነው። «ፎር» ቬክተሩን ሲዘረዝር ከውስጡ ጥሬውን እሴት ብቻ እየመዘዘ ለተለዋዋጩ ይሰጣል፤ በጠቅላላው ቬክተር ላይ የተለጠፈውን ክላስ ለየአባሉ አያድልም። ቋንቋው «ፋክተር» ለሚባለው የምድብ ዓይነት ልዩ አስተያየት አድርጎለታል፤ ፋክተር ወደ ሉፕ ሲገባ አስቀድሞ ወደ ጽሑፍ ይቀየራል። ለቀን ተመሳሳይ አስተያየት አልተደረገም። ይህ የቋንቋው እውነተኛ ጉድለት ነው፤ ጀማሪውን በስንፍና ከመውቀስ ይልቅ ጉድለቱን ገልጦ ማስተማር ይሻላል።

ቁጥሩ በስክሪን ላይ ሲታይ ጥፋቱ ወዲያው ይታወቃል። የሳምንቱን ዕለት የሚያወጣው ፈንክሽንም ቁጥር ሲሰጠው ስሕተት አለ ብሎ ይቆማል። የከፋው ያለ ድምፅ የሚያልፈው ነው። ጸሐፊው በሉፑ ውስጥ «ቀኑ 2026-03-21 ከሆነ ለአባላት መልእክት ላክ» ብሎ ቢጽፍ፣ መጋቢት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ያ ዕለት ስለሆነ መልእክቱ መሄድ ነበረበት። ሆኖም በዚያ ዙር በተለዋዋጩ ውስጥ ያለው 20533 የሚል ቁጥር ነው። አር ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ ለውጦ ከ«2026-03-21» ጋር ያነጻጽራል፤ ሁለቱ ጽሑፎች ስለማይመሳሰሉ መልሱ «ሐሰት» ይሆናል። ስሕተት አይታይም፤ ማስጠንቀቂያ አይወጣም፤ መልእክቱም አይሄድም። ከሉፑ ውጭ፣ ክላሱ ባለበት ቬክተር ላይ ያው ማነጻጸሪያ ቢጻፍ አር ጽሑፉን ወደ ቀን ለውጦ «እውነት» ይል ነበር። ያው ቁጥር ወደ ኤክሴል ተሻግሮ በቀን መልክ ቢከፈት ደግሞ እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 1956 ተብሎ ይነበባል፤ የኤክሴል መነሻ ከአር መነሻ በ25569 ቀን ስለሚቀድም ነው።

መድኃኒቱ ከአንድ በላይ ነው፤ ከሁሉ የሚመረጠው በተራ ቁጥር መዞር ነው። «ሴክ አሎንግ» የተባለው ፈንክሽን ለቬክተሩ አባላት 1፣ 2፣ 3 እያለ ተራ ያወጣል፤ ሉፑ በተራው ላይ ይዞራል፤ ቀኑ በየዙሩ ከቬክተሩ በተራ ቁጥሩ ይጠራል። በማዕዘን ቅንፍ መምዘዝ ክላሱን ስለሚጠብቅ በእጅ የሚገባው ቀን እንጂ ጥሬ ቁጥር አይሆንም። ብዙ ሰው በዚህ ቦታ ከ1 እስከ ቬክተሩ ርዝመት ብሎ ይጽፋል። ቬክተሩ ባዶ የሆነ ዕለት ግን ይህ አጻጻፍ 1ን እና 0ን አውጥቶ ሁለት ጊዜ ያለ ፋይዳ ይዞራል፤ «ሴክ አሎንግ» ባዶውን ባዶ አድርጎ ያልፈዋል። ሁለተኛው መንገድ ቬክተሩን በ«አዝ ሊስት» ወደ ዝርዝር መለወጥ ነው፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ አባል የራሱን ክላስ ይዞ ወደ ሉፑ ይገባል። ሦስተኛው በሉፑ ውስጥ ቁጥሩን በ«አዝ ዴት» መልሶ ቀን ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 እስከ ወጣው 4.3.0 እትም ድረስ አር ለዚህ መነሻውን ዕለት በግልጽ እንዲጻፍለት ይጠይቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሳይጻፍም ይቀበላል። ሆኖም መነሻውን መጻፍ አይጎዳም፤ አሮጌ እትም ባለበት ኮምፒውተርም ፕሮግራሙ ይሠራል።

ቀኑ ወደ ሉፑ ሲገባ ቢጠበቅም ሲወጣ ሊጠፋ ይችላል፤ በተግባር ብዙ ሰዓት የሚበላው ይኸኛው ነው። ውጤት መሰብሰቢያው ባዶ የቁጥር ቬክተር ከሆነ የሚገባበት ቀን ሁሉ ቁጥር ይሆናል። ከምንም ተነስቶ በ«ሲ» እየቀጠሉ መሰብሰብም አይረዳም፤ «ሲ» ጠባዩን የሚወስነው በመጀመሪያው ግብዓት ነው፤ የመጀመሪያው «ነል» የተባለው ባዶ እሴት ሲሆን ቀኑ ያለ ክላስ ይቀጠላል። «ኤስአፕላይ» እና «አንሊስት» ክላሱን ይጥላሉ። «ኢፍኤልስ» ደግሞ ሁለት ቀን ሰጥተውት አንዱን ምረጥ ሲሉት ቁጥር ይመልሳል። ስለዚህ መሰብሰቢያው ሉፑ ሳይጀመር በሚያስፈልገው ርዝመት፣ በዴት ዓይነት፣ በጎደሎ እሴቶች ተሞልቶ ይዘጋጃል፤ በየዙሩ የተገኘው ቀን በተራው ቦታ ይገባል። ሳይሞላ የቀረ ቦታ ካለም ጎደሎ ሆኖ ይታያል፤ ማኅበሩ በየትኛው ወር ቀን እንዳልተያዘለት በዚያ ይታወቃል። በ«ኤልአፕላይ» የተሰበሰበ ዝርዝርም በመጨረሻ በ«ሲ» ሲገጣጠም፣ የመጀመሪያው አባል ቀን እስከሆነ ድረስ፣ ክላሱ ይጠበቃል።

ከዚህ በኋላ የእርምጃ ጉዳይ ይመጣል፤ በየዙሩ ስንት ቀን ይጨመር? የሚካኤል ማኅበር ከመስከረም እስከ ነሐሴ በ30 ቀን እርምጃ ይሄዳል፤ የኢትዮጵያ ወሮች እኩል ስለሆኑ ስሌቱ የተመቸ ነው። ለዚህ ሉፕ እንኳ አያስፈልግም፤ በመጀመሪያው ቀን ላይ የ30 ብዜቶችን ከ0 እስከ 330 በአንድ ጊዜ መደመር አሥራ ሁለቱንም ቀኖች ክላሳቸውን እንደያዙ ያወጣል። በእውነቱ በአር ከሚጻፉት የቀን ሉፖች ብዙዎቹ በእንዲህ ያለ አንድ መስመር የሚተኩ ናቸው። ሉፕ የሚገባው ለየቀኑ የተለየ ፋይል ሲነበብ ወይም የዛሬው ውጤት በትናንቱ ሲወሰን ነው።

አሥራ ሁለተኛው እርምጃ ግን ጳጉሜንን ይሻገራል። ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ያለው 30 ቀን አይደለም፤ እንደ ዓመቱ 35 ወይም 36 ነው። ከነሐሴ 12 ቀን 2018 እስከ መስከረም 12 ቀን 2019 ዓ.ም. 35 ቀን ነው፤ 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ በሚቀጥለው ዓመት 36 ይሆናል፤ መስከረም 12 ቀን 2020 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 23 ቀን 2027 ይውላል። በ30 እየደመረ ለአሥር ዓመት የሚዞር ሉፕ በዓመቱ መጨረሻ ቢያንስ አምስት ቀን ይስታል፤ ስሕተቱም እየተጠራቀመ ይሄዳል።

የአሜሪካው ካሌንደር በበኩሉ የራሱ ወጥመድ አለው። በወር መጨረሻ የሚጣል እቁብ ከጃንዋሪ 31 ቀን 2026 ተነስቶ በ«ሴክ» «በወር» እየተባለ ቢደረደር፣ ሁለተኛው ቀን ማርች 3 ሆኖ ይወጣል። አር ፌብሩዋሪ 31ን ፈልጎ ሲያጣው ትርፉን ሦስት ቀን ወደ ማርች አሻግሮት ነው። ሦስተኛው ማርች 31 ነው። ፌብሩዋሪ ያለ እቁብ ያልፋል፤ ማርች ሁለት ይጣልበታል። «ሉብሪዴት» የተባለው ጥቅል ትርፉን ሳያሻግር በወሩ የመጨረሻ ዕለት የሚያቆም መደመሪያ አለው። ያለ ጥቅልም በየወሩ መጀመሪያ ዕለት ዞሮ ከእያንዳንዱ አንድ ቀን መቀነስ የወር መጨረሻን ሁልጊዜ በትክክል ያመጣል።

በስደት የሚኖር ማኅበር ብዙ ጊዜ ዝክሩን ወደ ቀጣዩ እሑድ ያሻግራል። የሳምንቱን ዕለት በስም ማነጻጸር አያስተማምንም፤ ስሙ ኮምፒውተሩ በተዘጋጀበት ቋንቋ ስለሚወጣ በአንዱ ማሽን የሠራው በሌላው ላይሠራ ይችላል። የቀኑን ቁጥር ወስዶ 4 ጨምሮ ለ7 ማካፈል ይሻላል፤ መነሻው ሐሙስ ስለሆነ ቀሪው 0 ከሆነ እሑድ፣ 1 ከሆነ ሰኞ ነው። ለ20353 ቀሪው 1 ይመጣል፤ ሴፕቴምበር 22 ቀን 2025 ሰኞ ነው፤ ስድስት ቀን ሲጨመርበት እሑድ ሴፕቴምበር 28 ይሆናል። ባሕረ ሐሳብን ለተማረ ሰው ይህ ባዕድ አይደለም፤ ወንበር ዓመተ ዓለምን ለ19 አካፍሎ ከሚቀረው ይገኛል፤ አበቅቴና መጥቅዕም በ30 እየተገደፉ ይወጣሉ። በዚያ ስሌት በሉፕ የብዙ ዓመት ፋሲካ የሚያወጣ ፕሮግራም ሲጻፍ ሉፑ በዓመተ ምሕረት ተራ ቁጥሮች ላይ ይዞራል፤ ወደ «ዴት» የሚለወጠው የመጨረሻው ውጤት ብቻ ነው። ተራ ቁጥር በሉፕ ውስጥ የሚጥለው ክላስ ስለሌለ እንዲህ ያለው አሠራር እጅግ አስተማማኝ ነው።

ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደ አር ቁጥር መሻገሪያውም በተራ ቁጥሮች ይጻፋል። ከዓመቱ 1 ተቀንሶ በ365 ይባዛል፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ሙሉው ድርሻ ይጨመራል፤ ከወሩ 1 ተቀንሶ በ30 ይባዛል፤ ከዕለቱም 1 ተቀንሶ ይደመራል፤ ከድምሩ 716367 ይቀነሳል። ለታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ውጤቱ ልክ 0 ነው። ለመስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. 13768 ይመጣል፤ ይህም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። ስሌቱ ለጠቅላላ የዓመት፣ የወርና የዕለት ዓምዶች በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ጳጉሜንም ያለ ልዩ ሕግ አሥራ ሦስተኛ ወር ሆና ትገባበታለች።

ይህ መሻገሪያ ሲዘለል የሚደርሰው ጥፋት ከሁሉ የባሰ ስውር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተመዘገበ የ2010 ዓ.ም. መረጃ፣ ዓመት፣ ወርና ዕለት በቁጥር ተጽፎ፣ በቀጥታ ለ«አዝ ዴት» ቢሰጥ ፈንክሽኑ የፈረንጅ ቀን አድርጎ ይቀበለዋል። የማይቀበለው ጥቅምት 29ን እና 30ን፣ በፌብሩዋሪ 2010 ስለሌሉ፣ እንዲሁም አምስቱን የጳጉሜን ቀናት ነው። በዓመቱ ካሉት 365 ቀናት 358ቱ ያለ ቅሬታ ያልፋሉ፤ ሁሉም የተሳሳቱ ናቸው። በሉፕ ውስጥ ጥቂት ጎደሎ እሴቶች ብቅ ሲሉ እነሱን አስወግዶ መቀጠል የተለመደ ነው። ጎደሎዎቹ በወር 2 መጨረሻና በወር 13 ላይ ከተሰበሰቡ ግን የሚጣሉት ቀኖች ብቸኞቹ የእውነት ምስክሮች ናቸው።

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይህን በሰፊው ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 የተካሄዱት ጥናቶች ቀኖቻቸውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይይዛሉ። ጥናቱ ወሮችን በአንድ ኮድ ይቆጥራል፤ ከዓመቱ 1900 ተቀንሶ በ12 ይባዛል፤ ወሩ ይጨመራል። ወደ ፈረንጅ ለማሻገር በኮዱ ላይ 92 ወር ይደመራል፦ መስከረም 1990 ዓ.ም. 1081 ነው፤ 92 ሲጨመር 1173፣ ማለትም ሴፕቴምበር 1997 ይሆናል። ለወር ያህል ይበቃል፤ ለዕለት አይበቃም፤ መስከረም የሚጀምረው ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ላይ ነውና። በ12 የተሠራው ኮድ ለጳጉሜንም ወንበር የለውም። የብዙ አገሮችን ፋይል በአንድ ሉፕ እያነበበ የሕፃናትን ዕድሜ ከሌላ ካሌንደር ጋር የሚያገናኝ ተመራማሪ የኢትዮጵያው ፋይል ሲደርስ 92ን ካልደመረ፣ ሕፃናቱን ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስዳቸዋል።

ሰዓት ሲታከል ሌላ ጥንቃቄ ይመጣል። ኦሃዮ ሰዓቷን በማርች ሁለተኛ እሑድ አንድ ሰዓት ወደ ፊት፣ በኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ ወደ ኋላ ታደርጋለች፤ ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትቀይርም። በዚህ ምክንያት የአዲስ አበባና የደብሊን ልዩነት በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ነው። አንድ ዝክር በየካቲት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ፌብሩዋሪ 19፣ በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 10 ሰዓት ተጀምሮ በየዙሩ 30 ጊዜ 86400 ሰከንድ ቢጨመርበት፣ የሚቀጥለው ማርች 21 ከጠዋቱ 11 ሰዓት ይሆናል፤ በመካከል ማርች 8 አንድ ሰዓት ተሻግሯል። ስለዚህ በሉፕ ውስጥ የሚደመረው ቀን ይሁን፤ ሰዓቱ በመጨረሻ ከሰዓት ሰቁ ስም ጋር ይያያዝ። የደብሊን ሰቅ በኮምፒውተር የሚጠራው በኒው ዮርክ፣ የኢትዮጵያው በአዲስ አበባ ስም ነው። የሁለት ቅጽበቶች ልዩነትም በየዙሩ አሃዱን ይለዋውጣል፤ አንዱን በደቂቃ፣ ሌላውን በቀን ይመልሳል። «ዲፍታይም» አሃዱ በግልጽ ካልተነገረው የተሰበሰቡት ቁጥሮች አንዱ ከሌላው ጋር አይደመሩም።

ከሉፑ የወጣው ቀን ወደ ፋይል ሲጻፍ ደብሊን በራሷ ስም ትገባለች። እ.ኤ.አ. በ1967 በኦሃዮ የተመሠረተው የቤተ መጻሕፍት ኅብረት ኦ ሲ ኤል ሲ ዋና መሥሪያ ቤት በዚህች ከተማ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በማርች 1995 በዚያ የተደረገ ዐውደ ጥናት ለዲጂታል ሰነዶች መግለጫ የሚሆኑ ጥቂት መስኮችን ወጠነ፤ መስኮቹ ኋላ 15 ሆኑ፤ በከተማይቱም ስም ደብሊን ኮር ተባሉ። ከ15ቱ አንዱ ቀን ነው። ለእሱ የሚመከረው አጻጻፍ የአይሶ 8601 ሥርዓት ነው፦ ዓመት በአራት አሃዝ፣ ወር በሁለት፣ ዕለት በሁለት። አሜሪካ ወሩን ኢትዮጵያ ዕለቱን ስለምታስቀድም «03/04/2026» ማርች 4 ይሁን ኤፕሪል 3 አይታወቅም፤ «2026-03-04» ግን አንድ ንባብ ብቻ አለው። በዚህ መልክ የተሰየሙ ፋይሎች በስም ሲደረደሩ በጊዜም ይደረደራሉ፤ በሉፕ በየተራ ሲነበቡም ቅደም ተከተላቸው አይዛባም።

በአዲስ አበባ የታተመ፣ በርዕስ ገጹ «1962 ዓ.ም.» ብቻ የሚል መጽሐፍ ወደ እንዲህ ያለ ካታሎግ ሲገባ አንድ ዓመት ወደ አንድ ዓመት አይለወጥም። 1962 ዓ.ም. ከሴፕቴምበር 11 ቀን 1969 እስከ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1970 ይዘልቃል። ብዙ ፕሮግራሞች በሉፕ 7 ወይም 8 ደምረው አንዱን ይመርጣሉ፤ ምርጫው መጽሐፉ የማይናገረውን ነገር እንደ እውነት ይመዘግባል። ትክክለኛው ሉፕ ሁለት የዴት መሰብሰቢያዎች ይዞ፣ በአንዱ የመስከረም 1ን ቀን፣ በሌላው የጳጉሜን የመጨረሻ ዕለት ያኖራል። የጳጉሜን ዕለት ከሚቀጥለው መስከረም 1 አንድ ቀን በመቀነስ ይገኛል፤ ዘመነ ሉቃስን ለይቶ መጠየቅ አያስፈልግም። አይሶ 8601 ሁለቱን ጫፎች በአንድ እዝባር ለይቶ «1969-09-11/1970-09-10» ብሎ መጻፍን ይፈቅዳል፤ በርዕስ ገጹ ላይ ያለው «1962 ዓ.ም.» ደግሞ እንደታተመ፣ ከነምህፃረ ቃሉ፣ በጽሑፍ ዓምድ ይቀመጣል።